ሽቦ ላይ የተቀዳ ዛር

ጆሯችሁን ስጡኝማ፤ አንድ ነገር ልተርክላችሁ። ነገሩ ስለ ድምፅ ነው። ድምፅ ቀድቶ፣ ቆርጦ፣ ደጋግሞ ሙዚቃ ስለሚያደርግ ሰው፤ ያንንም ጥበብ ለተማሪ ስለሚያስተላልፍ ሰው። ዛሬ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ሉፕ የሚደረድር፣ ሳምፕል የሚቆርጥ ወጣት በየሰፈሩ አለ። እጁ ላይ ያለው ሙያ ግን ከአባቱ ዕድሜ ይበልጣል። ሙያው ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱ ካይሮ ነው፤ ካይሮ ውስጥም ሴቶች ዛር የሚያወርዱበት ቤት።

ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1944 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸውንም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ያዙልኝ። ሐሊም ኤል-ዳብ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት አለ። ከኮፕት ቤተሰብ የተወለደ፣ የግብርና ምህንድስና የተማረ፣ ልቡ ግን ሙዚቃ ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ነው። በ1932፣ ገና በ11 ዓመቱ፣ የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ካይሮ ላይ ሲካሄድ ከወንድሙ ጋር ሄዶ ነበር። በዚያ ጉባኤ እነ ቤላ ባርቶክና ፓውል ሂንደሚት ከአውሮፓ ድረስ መጥተው ተቀምጠዋል፤ የሙዚቀኞቹ ጨዋታም በሸክላ ይቀረጽ ነበር። ሙዚቃ ተቀድቶ እንደሚቀመጥ፣ ተቀምጦም እንደሚጠና ልጁ ያወቀው ያኔ ነው።

ይህ ወጣት ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ መቅረጫ ተዋሰ። የያኔው መቅረጫ ድምፁን የሚይዘው በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ነው፤ ዕቃውም ከባድ ነው። ያንን ተሸክሞ ወደ ዛር ሥነ ሥርዓት ሄደ። ሥነ ሥርዓቱ የሴቶች ነው፤ ወንድ አይገባበትም። ሐሊምና ጓደኛው እንደ ሴቶቹ ተከናንበው ገቡ። ሴቶቹ ማዜም ሲጀምሩ ሽቦው መጠምጠም ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ዛር ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም፤ ቡናውን፣ እጣኑን፣ ጭፈራውን፣ "የዛር ፈረስ" የሚባለውን ሰው አያቶቻችን ያውቁታል። ዛርን ያጠኑ ብዙ ሊቃውንት ወደ ግብፅ የዘለቀው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ከኢትዮጵያና ከሱዳን በኩል እንደሆነ ይናገራሉ። እንግዲያው ያ ወጣት የቀዳው ድምፅ ሥሩ ወደ እኛም ይመዘዛል። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል፤ ተማሪዎቻችንም ሊሰሙት ይገባል እላለሁ፤ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሰሜኑ ዓለም በካርቶን ታሽጎ የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና።

ሐሊም ሽቦውን ይዞ ወደ ስቱዲዮ ተመለሰ። እውነተኛው ሥራ የተጀመረው እዚያ ነው። የሰው ድምፅ ብቻውን አይወጣም፤ ከሥር መሠረት የሚሆን ወፍራም ድምፅ አለ፣ ከሱ በላይ እየቀጠኑ የሚደራረቡ ሌሎች ብዙ ድምፆች አሉ። ሐሊም መሠረቱን አስወገደና የላይኞቹን ብቻ አስቀረ። ግድግዳው በሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ ቅጂውን መልሶ እያጫወተ፣ ግድግዳውን ሲያቀርብና ሲያርቅ የማሚቶውን መጠን ቀያየረ። የሴቶቹ ዜማ ቃሉ እየራቀ፣ ጥላው ብቻ እየቀረበ ሄደ። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሆን ሥራ ወጣው፤ እዚያው ካይሮ፣ የሥነ ጥበብ ትርኢት በሚታይበት አዳራሽ፣ ሰው ተሰብስቦ ሰማው። ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆነው ቅንጫቢ ነው። ሉፕ የሚያስተምር መምህር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ማሰማት ያለበት እሱን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኮምፒውተር ሳይከፈት፣ ምንም ሳይብራራ።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1948፣ ፓሪስ ላይ ፒየር ሼፈር የሚባል የሬዲዮ መሐንዲስ ባቲኞል ወደተባለው ጣቢያ ሄዶ የባቡሮችን ድምፅ ቀዳ፤ ከሱም ሙዚቃ ሠርቶ በሬዲዮ አሰማ። የዚህ ጥበብ አባት እሱ ብቻ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ ኖሯል። የካይሮው ልጅ በመቅደሙ ሼፈርን ክብሩን አልነፍገውም፤ አንድ ትልቅ ነገር ሰጥቶናልና። ሸክላ ላይ የሚቀረጸው መስመር ከዳር ወደ መሐል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ሼፈር ያንን መስመር በራሱ ላይ ዘጋው። መርፌው ወደ መሐል መሄዱን ትቶ አንዲቱን ዙር ይመላለስባት ጀመር፤ ባቡሩም ያችኑ አንዲት ትንፋሽ ደጋግሞ ተነፈሰ። ዛሬ ወጣቱ በአንድ ጣት የሚያበራው ሉፕ ይህ ነው።

ቴፕ ሲመጣ ሉፕ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ሆነ። ሐሊም አሜሪካ ተሻግሮ በ1959 ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ድምፅ መቁረጥ ማለት በምላጭ ቴፕ መቁረጥ፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ ማጣበቅ ማለት ነው። የስቱዲዮ ቴፕ በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ይሮጣል፤ የሁለት ሰከንድ ሉፕ የሚፈልግ ሰው 76 ሴንቲሜትር ለክቶ ይቆርጣል። ረዘም ካለ ቴፑ ከማሽኑ ወጥቶ፣ በማይክሮፎን መቆሚያ ዞሮ ይመለሳል። መምህራን ሆይ፣ ይህን በቃል ብቻ አትንገሩ፤ ገመድ አምጡና በክፍሉ ውስጥ ዘርጉት። ተማሪው የአራት ሰከንድን ርዝመት በክንዱ ሲለካ፣ ስክሪኑ ላይ የሚያያት ትንሽ ሳጥን ምን እንደያዘች ይገባዋል።

አሁን ታሪኩ ወደ አገራችን ይገባል። በ1962 ሐሊም ኤል-ዳብ አዲስ አበባ መጣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገና መቋቋሙ ነበር፤ እሱም እስከ 1964 እዚያ አስተማረ። እስቲ ሰውየውን አስቡት፦ ሽቦ ላይ ዛር የቀዳ፣ በዘመኑ ከነበሩት የኤሌክትሮኒክ ስቱዲዮዎች ከላቁት በአንዱ የሠራ፣ ለታዋቂዋ የዳንስ ሰው ለማርታ ግራሃም ሙዚቃ የደረሰ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይዞ ይመጣል? እሱ ግን ያገሩን ድምፅ ፈልጎ ሄደ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ መለከት፣ እምቢልታ፣ ከበሮ አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በገና የጸሎት ነው። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው። መለከትና እምቢልታ የሹመትና የቤተ መንግሥት ክብር ነበሩ። በአገርም በማዕረግም የተራራቁ ድምፆች ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው አንዱ የሌላውን እንደ አዲስ መስማት ነበረባቸው። ኋላ ኦርኬስትራውን ተስፋዬ ለማ መራው፤ በሰላም ጓድነት የመጣው አሜሪካዊ ቻርልስ ሰተንም ማሲንቆ ተምሮ ከነሱ ጋር ተጫወተ።

ሐሊም ከዚያ በኋላ አሜሪካ ተመልሶ ኦሃዮ ውስጥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ፣ በ2017፣ በ96 ዓመቱ አረፈ። እኔ ከሕይወቱ የምወስደው ቅደም ተከተሉን ነው። ካይሮም ሆነ አዲስ አበባ፣ መጀመሪያ ድምፁ ወዳለበት ሄደ፤ የድምፁን ባለቤቶች አገኘ፤ የተቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሱ ወዲህ በዚህ መንገድ የሄዱ የእኛ ሰዎች አሉ። ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ፤ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እሱ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ፒያኖና የከበሮ ማሽን አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበ "ሸሞንሟናዬ" ያለበትን ካሴት ሠራ። ባንድ የሌለው ሰው ራሱ ባንድ ሆነ። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ መኪናው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ይይዝና ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው እጁ ዝግጁ ነበር። ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ ኒው ጀርሲ፣ ራማፖ ኮሌጅ ውስጥ፣ ትራምፔቱን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ያዋሐደው ቤን ኒል አስተምሮታል፤ አዲስ አበባ ተመልሶም እንደገና ሙሉ የሚባለውን ሙዚቀኛ ከመሳሰሉ ጓደኞቹ ጋር የአዝማሪውንና የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ከኮምፒውተር ጋር ያነጋገሩ ሥራዎችን አወጣ። "ዘላለም" የተባለው ሥራው በ2016 ታተመ።

አሁን ክፍል እንግባ። ክፍሉን የምሥለው እኔ ነኝ፤ ልጆቹንም የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ። የሚሆነው ነገር ግን ሙዚቃ በሶፍትዌር በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ የሚሆን ነው።

ጥቂት ላፕቶፖች አሉ፤ የቀሩት ልጆች ስልክ ይዘዋል፤ ይበቃል። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃና መቁረጫ ሶፍትዌር ከ2000 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው። ባንድላብ የሚባለው ደግሞ በስልክም ይሠራል። አንዱ ልጅ ብዙ አቀናባሪዎች እስከ ዛሬ "ፍሩቲ ሉፕስ" የሚሉትን ኤፍኤል ስቱዲዮ ጭኗል፤ ዘመድ የላከለት ማክ ያለው ደግሞ ጋራጅባንድ አለው። መምህሯ ገብታ ሰላም አለቻቸውና፣ "የሉፕ ማከማቻውን ዛሬ አትከፍቱም" አለች።

"ለምን ቲቸር?" አለ አንዱ። "ሪሃና እንኳ ተጠቅማበታለች!"

እውነቱን ነው። በ2007 ዓለምን ያዳረሰው "አምብሬላ" የከበሮው መሠረት ከጋራጅባንድ ጋር አብሮ የሚመጣ ሉፕ ነው። ማንም ሰው ጋራጅባንድን ከፍቶ ያገኘዋል። መምህሯም አልካደችም፤ "ትከፍቱታላችሁ፤ ግን መጀመሪያ የየራሳችሁን አንድ ድምፅ ይዛችሁ ኑ" አለቻቸው። እኔም ከሷ ጋር ነኝ። የተዘጋጀ ሉፕ መጠቀም ነውር የለበትም፤ ሆኖም ድምፅ ቀድቶ የማያውቅ ልጅ ሉፕን የሚያየው እንደ ዕቃ ነው፤ ከጀርባው እጅና ትንፋሽ እንዳለ አይታየውም።

በማግስቱ ይዘው መጡ። አንዱ ሊስትሮው ደንበኛውን እግር ለማስቀየር ሣጥኑን በብሩሽ ቀጭ የሚያደርጋትን ቀድቷል። አንዷ የእናቷን የቡና ሙቀጫ። አንዱ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" የሚል የታክሲ ረዳት። አንዲት ልጅ ግን ጎረቤታቸው የሆኑ፣ በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ከበሮ የሚመቱ እናት ዘንድ ሄዳ፣ "እማማ፣ ከበሮዎን ልቀዳ ይፈቅዱልኛል?" ብላ ጠይቃ፣ ቡና ጠጥታ፣ ብዙ ደቂቃ ቀድታ መጣች።

መቁረጥ ጀመሩ። መጀመሪያ የሚገጥማቸው ሉፑ በዞረ ቁጥር "ጠቅ" የምትል ድምፅ ናት። ድምፅ ሞገድ ነው፤ ከመሐል መስመሩ በላይና በታች ይወዛወዛል። ሞገዱ ከፍ ባለበት ቦታ ከተቆረጠ መጨረሻውና መጀመሪያው አይገጣጠሙም፤ ያቺ ጠቅታ የዚያ ስብራት ናት። ስክሪኑን አጉልቶ፣ ሞገዱ መስመሩን ሲያቋርጥ ጠብቆ መቁረጥ ነው። ይህን አንድ ልጅ ከተማረ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ከአንገቱ ወደ ስክሪኑ ይዘነበላል፤ ዝምታው ያስደስታል።

ቀጥሎ ዋናው ችግር መጣ። ጋራጅባንድ አዲስ ሥራ ሲከፈት በደቂቃ 120 ምት፣ በአራት አራተኛ ይጀምራል። በዚህ ፍጥነት አንዱ ቤት፣ ማለትም አራቱ ምት፣ ልክ ሁለት ሰከንድ ነው። የሠርጉ ከበሮ ግን ችክችካ ነው። ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ሁለት ትላልቅ ምቶች፣ እያንዳንዱ በሦስት ይከፈላል። ልጅቷ ከበሮውን በአራቱ ሳጥን ላይ ስታስቀምጠው አንዴ ይተርፋል፣ አንዴ ይጎድላል። መምህሯ መጥታ የቤቱን ልክ ወደ ስድስት ስምንተኛ ቀየረችላት። ትላልቆቹን ምቶች ቆጠሩ፤ በደቂቃ ወደ 100 ይሆናሉ። እንግዲህ አንዱ ምት 0.6 ሰከንድ፣ አንዱ ቤት 1.2 ሰከንድ ሆነ። ገጠመ።

ልጅቷ ግን አልበቃትም፤ ምቶቹን ወደ መስመሩ የሚስበውን፣ ኳንታይዝ የሚሉትን ትእዛዝ ተጫነች። እያንዳንዱ ምት ሄዶ መስመሩ ላይ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ያምራል። ስታሰማው ክፍሉ ጭብጨባውን ጀምሮ ተወው፤ ትከሻ የሚያነሳ ነገር አልነበረውም። ማታ ለከበሮው ባለቤት ለእማማ አሰማቻቸው። እማማ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ሰሙና፣ "ልጄ፣ ይሄ ማነው? ግራ እጄ የታለ?" አሏት።

ግራ እጃቸው ጠፍቷል፤ እውነት ነው። ቀኝ እጃቸው ምቱን ይዞ ሲሄድ ግራው ጥቂት ዘግየት፣ ጥቂት ጫን እያለ ይከተላል፤ ትከሻ የሚያነሳውም ያ መዘግየት ነው። ማሽኑ እንደ ስሕተት ቆጥሮ አስተካክሎታል። ልጅቷ የመጀመሪያውን ቅጂ መልሳ ከፈተች። በዚህኛው ዙር ቀኝ እጁን ብቻ ወደ መስመሩ አስጠጋች፤ ግራውን ባለበት ተወችው። ሶፍትዌሩ ይህን ይፈቅዳል፤ ስበቱን በመቶኛ መቀነስም ይቻላል። ትምህርቱ ግን በሶፍትዌሩ መመሪያ ላይ የለም፤ ከእማማ ዘንድ ነበር።

ከዜማውም ጋር ተመሳሳይ ትግል አለ። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያዘው የሚዲ ኪቦርድ ኦክታቩን እኩል 12 ቦታ ይከፍላል። ትዝታ በዚያ ላይ ደህና ይቀመጣል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ አምስት ቁልፍ መርጦ መጫወት ነው። አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ ግን ባለ ማሲንቆው ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከሁለት ቁልፎች መሐል ነው። ያንን ማሲንቆ ቀድቶ ከተዘጋጀ የጊታር ሉፕ ጋር የሚያጋጥም ተማሪ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ማሲንቆውን ወደ ቁልፉ ይስባል፣ ወይ ጊታሩን ወደ ማሲንቆው። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይሞክሩ እላለሁ። የሳምፕልን የድምፅ ከፍታ በጥቂት በጥቂቱ ማሳነስና ማሳደግ የብዙ ሶፍትዌሮች ችሎታ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ የድምፅ ባለቤትነት ነው፤ እሱም ከሁሉ ይከብደኛል። በ1969 ዊንስተንስ የሚባል የዋሽንግተን ባንድ አንድ ሸክላ አወጣ። በጀርባው በኩል ባለው ዘፈን ውስጥ ግሪጎሪ ኮልማን የሚባለው ከበሮ መቺ ለሰባት ሰከንድ ያህል ብቻውን ይመታል። በአራት ቤት ያለቀች ናት። ድምፅ ቆርጦ መልሶ የሚያጫውተው ሳምፕለር ሲመጣ ያቺን ቁራጭ ሂፕሆፑ ወሰዳት፣ የእንግሊዝ የጭፈራ ሙዚቃ ቆራርጦ አዲስ ዘውግ አቆመባት፤ በሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ አለች። ኮልማን ግን በ2006 በድህነት ሞተ፤ ከዚያ ሁሉ አንድም ክፍያ አልደረሰውም። ለባንዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር በ2015 ሰዎች አዋጥተው 24,000 ፓውንድ ሰጡት፤ ይህም የሆነው ሙዚቃውን የሚወዱ ሰዎች ልባቸው ስላላስቻላቸው ነው። በአንጻሩ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" ሳምፕል አድርገው ዘፈን ሲከፍቱ፣ ወጣቶች ዋናውን ፈልገው ሄደው ሙላቱን አገኙት። አንዲት ቁራጭ ወደ ባለቤቷ ልትመልስም ባለቤቷን ልትሰውርም ትችላለች።

ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ከመቁረጥ ጋር አብሮ የሚሰጥ ትምህርት አለ። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 410/1996 ነው (ይህኛው ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ የደራሲውን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹንና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁንም መብት ይጠብቃል። መምህሯ ተማሪዎቿን የምታስለምዳቸው ፋይል ሲያስቀምጡ "ከበሮ 1" ብለው እንዳያልፉ ነው። የመቺው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ፈቃድ መስጠት አለመስጠቱ ከፋይሉ ጋር ይጻፋል። ያለ ፈቃድ የተቀዳው የታክሲ ረዳትም እንዲሁ፤ ልጁ ተመልሶ ሄዶ መጠየቅ ነበረበት፤ ጠየቀም፤ ረዳቱም ደስ ብሎት የተሻለ አድርጎ እንደገና ጮኸለት።

ልጅቷ ሥራዋን ስትጨርስ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ሆነ። የእማማ ከበሮ ከሥር ይዞራል፤ በላዩ ሙቀጫው፣ በላዩ አንድ ልጅ የቀዳው ዋሽንት፣ መጨረሻ ላይ ከማከማቻው የተወሰደ የባስ ሉፕ ገባ፤ ያኔ ተፈቅዶ ነበር። ሄዳ አሰማቻቸው። እማማ ከወገባቸው ቀና ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ትከሻቸውም ተነሳ።

"ይሄ ጥሩ ነው" አሉ። "ግን ያን ቀን ስንት ሰዓት ነው የቀዳሽኝ? ያ ሁሉ የት ሄደ?"

"አለ እማማ፤ ከሱ አንድ ቤት ነው ቆርጬ ያዞርኩት።"

"በይ ሁለቱንም ስጪኝ። ያዞርሽውን ለልጅ ልጆቼ፣ ሙሉውን ደግሞ ጅዳ ላለችው ልጄ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ እሷ መምታት ትችላለች፣ ከኔ ጋር እኩል ልትመታ ትፈልጋለች።"

ልጅቷ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ፋይሎች ላከች። የእማማም ስም አብሯቸው ሄደ።